ማታ የሚወልቅ ዊግ፦ የሦስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መስታወት ፊት ቆሜ ግንባሬን ፎቶ አነሳሁ። ከፊት አንድ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ። ፀጉሬን ወደ ኋላ ይዤ፣ በመስኮት በሚገባው ብርሃን። ፎቶዎቹ አያምሩም። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የማወዳድርበት ነገር ከሌለ፣ «ትንሽ የተመለሰ ይመስላል» እያልኩ ራሴን መሸንገሌ አይቀርም። ራሴን አውቀዋለሁ።

ከሁለቱም ጆሮዎቼ ከፍ ብሎ፣ ቅንድብ ከሚያልቅበት ትይዩ፣ ፀጉሬ ሳስቷል። መላጣ አይደለም፤ ግን ቆዳው ይታያል። የሚገርመው ከግንባሬ ጫፍ ላይ ስስ ስስ ፀጉሮች እንደ ዘርፍ ተሰልፈው ቀርተዋል። የሳሳው ከነሱ ኋላ ያለው ነው። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ምልክት በደንብ ያውቁታል። ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ የሚይዘው ረጅሙን ፀጉር ነው። አጫጭሮቹ ከጣት ስለሚያመልጡ ይተርፋሉ።

የችግሩ ስም ትራክሽን አሎፔሲያ ነው። በመጎተት የሚመጣ መመለጥ ማለት ነው። የእኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለሱ መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ ያውም ግሪንላንድ ውስጥ ፀጉራቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ ላይ በሚያስሩ ሰዎች ላይ። ፀጉር ሲጎተት ሥሩ ይለቃል፤ የትኛውም ዓይነት ፀጉር ላይ ሊመጣ ይችላል። ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። እኔ የትኛው ጋ እንዳለሁ ገና አላወቅኩም።

ዊግ የገዛሁት ፀጉሬን ለማሳረፍ ነው። «መከላከያ» ይሉታል። ባለፈው ዓመትም ለመከላከያ ብዬ አንድ ፀጉር ቤት በሙጫ አስለጠፍኩ። ሲነሳ ከሙጫው ጋር የግንባሬ ፀጉር አብሮ ተነሳ። ስለዚህ አሁን ቤቴ ውስጥ፣ በራሴ እጅ፣ አንድ ሕግ አውጥቼ ነው የምጀምረው። ማታ የማይወልቅ ዊግ ራሴ ላይ አይወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ራሴን ለካሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያስፈልጋል። ከግንባር የፀጉር ጠርዝ ይነሳል፣ ከጆሮ ጀርባ ያልፋል፣ በማጅራት ዞሮ ይመለሳል። 56 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መካከለኛ የሚባለው ዊግ አብዛኛውን ጊዜ ከ55 እስከ 57 አካባቢ ላለ ራስ ነው። ከዊጉ ሥር የሚሠራው ሹሩባ ሲጨመር ራስ እንደሚተልቅ አትርሱ። ከተሠራሁ በኋላ ደግሜ እለካለሁ።

ዊጌ 13 በ4 የሚባለው ነው። 13ቱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው የሌሱ፣ ማለትም ፀጉሩ የታሰረበት ስስ መረብ ጨርቅ፣ ስፋት ነው፣ በኢንች። 4ቱ ከግንባር ወደ አናት የሚገባው ነው። እውነቱን ለመናገር ስገዛው አልገባኝም ነበር። ሌሱ እስከ ጆሮ ከሄደ እስከ ጆሮ ድረስ ቆዳ ላይ ተኝቶ መቀመጥ አለበት። ይህ ደግሞ ሰውን ወደ ሙጫ ይገፋፋል። 5 በ5 የሚባለው ግንባር መሐል ላይ ትንሽ ካሬ ሌስ ብቻ ነው ያለው፤ ጎን ለጎን በጨርቅ ያልቃል። ያለ ሙጫ ለሚያደርግ ሰው እሱ ይቀላል። እንደገና ብገዛ እሱን ነበር የምገዛው። ገንዘቤ ግን ወጥቷል።

የፀጉሩ ብዛት 150 በመቶ ይላል። 180ም ነበር፣ የበለጠ ሙሉ ሆኖ የሚታይ። ተውኩት። የተጨመረው ፀጉር ሁሉ የሚንጠለጠለው በሳሳው ግንባሬ ላይ ነው። ቤት ባለ ሚዛን ስመዝነው 190 ግራም ሆነ። በእጅ ሲይዙት ምንም አይመስልም። ራስ ላይ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነው።

ቅዳሜ ማታ

ፀጉር ማጠብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻምፖው ለቆዳው፣ ኮንዲሽነሩ ለፀጉሩ ጫፍ። በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ። የምቆይበት ማፍታታቱ ላይ ነው። ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ፣ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር ወጣሁ። እርጥብ ፀጉር እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የጠነከረ ይመስላል፣ ግን ቶሎ የሚበጠሰው ያኔ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ በየመታጠፊያው ደካማ ቦታ አለው። ከሥር ጀምሮ መሳብ ማለት ቋጠሮዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ መበጠስ ነው።

ዊጉንም አጠብኩት። አዲስ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ከፋብሪካ የመጣበት ሽታና ቅባት አለው። ለብ ያለ ውሃ ከላይ ወደ ታች አፈሰስኩበት። አላሸሁትም። ኮንዲሽነር ከመሐል እስከ ጫፍ ብቻ። ሌሱ ጋ ከደረሰ ፀጉሩ የታሰረባቸው ጥቃቅን ቋጠሮዎች ይላላሉ። ከዚያ የሰው ራስ ቅርጽ ባለው ስፖንጅ ላይ አስቀምጬ ጥላ ውስጥ ተውኩት።

ዛሬ ልሠራ አስቤ ነበር። ፀጉሬ አልደረቀም። ላዩ ደርቋል፤ ሥሩን ስነካው እርጥበት አለ። ጓጉቼ ነበርና ተናደድኩ። ግን እርጥብ ሹሩባ ላይ ቆብ፣ ቆቡ ላይ ዊግ ማለት ለፎረፎር የሚያመች ሞቃትና ርጥብ ቤት መሥራት ነው። ሽታውም ይከተላል። ነገ።

እሑድ

ታናሽ እህቴ መጣች። እጇ ፈጣን ነው። እጇ ጠንካራም ነው፤ ችግሩ እሱ ነው።

በሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አመመኝ።»

«ሁለት ቀን ነው፣ ይለምዳል።»

«ይለምዳል» የምትለዋ ቃል ናት ግንባሬን ያሳሳችው። ስንት ጊዜ ለራሴ ብያታለሁ! ማስታገሻ ውጬ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ፣ ነገ ይለቃል እያልኩ። የሚለምደው ቆዳው አይደለም። ሕመሙ ቀነሰ ማለት ሥሩ ተረፈ ማለት አይደለም።

«ካላጠበቅኩት ይፈታብሻል» አለችኝ።

«ይፈታ! ከላዩ ዊግ ነው የሚደረገው፤ ማን ያየዋል?»

ቆም አለች። ከዚያ ሳቀች። እውነትም ማንም አያየውም። ከልጅነታችን ጀምሮ ጥሩ ሹሩባ ማለት ግንባር የሚያብረቀርቅ፣ ቅንድብን ወደ ላይ የሚስብ ሹሩባ ነው ብለን ነው ያደግነው። ለዊግ ሥር የሚሆን ሹሩባ ግን ማማር የለበትም። ጠፍጣፋ መሆን ብቻ ነው ያለበት።

ሦስቱንም መስመር ፈታን። እንደገና ስትጀምር መለኪያ አደረግን። አንድ መስመር ባለቀ ቁጥር ቅንድቤን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ። ከሳበኝ ይፈታል። የፀጉሩ ሥር ላይ ቆዳው እንደ ድንኳን ብድግ ካለም ይፈታል። ጥቃቅን ችፍታ ከታየም እንደዚያው። ያውም ያኔውኑ። «እስኪ ልደርበት» ማለት የለም።

ጠቅላላ 8 መስመር ሆነ። 14 ልታደርገው ነበር። መስመሩ ሲቀጥን የሚይዘው ፀጉር ያንሳል፤ እያንዳንዷ ፀጉር የምትሸከመው ክብደት ይጨምራል። 8ቱ ወፈር ያሉ ቢሆኑም ተኝተው ይሄዳሉ። ተጨማሪ አርቴፊሻል ፀጉር አልገባበትም፤ ምንም አያስፈልገውም።

ከፊት ለፊት ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ፀጉር ከሹሩባው ውጭ ቀረ። የሳሳው ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልነካችውም። በውሃና በትንሽ ኮንዲሽነር አለስልሼ ወደ ኋላ አስተኛሁት፣ ሳቲን ሻሽ ለ10 ደቂቃ አሰርኩበት፣ በቃ። ብሩሽ የለ፣ ጄል የለ።

ጫፎቹ ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ባለፈው ጊዜ ማጅራቴ ላይ በአንድ ሰብስበው ቋጠሩልኝና ከዊጉ ሥር እንደ ሎሚ ጉብ አለ። አሁን ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተሻግሮ ተዘረጋ። ከዚያ ሹሩባን በሹሩባ ላይ ሰፋናቸው፣ ቆልማማ መርፌ ይዘን። መርፌው ሹሩባውን ብቻ ይይዛል፤ ወደ ቆዳው አይወርድም።

ክሩ ቀይ ነው። የእህቴ ሐሳብ ነው፣ ለዚህስ ምስጋና ይገባታል። ጥቁር ክር ጥቁር ፀጉር ውስጥ አይታይም። ሲፈታ መቀስ ይዞ በግምት መቁረጥ ይመጣል፤ በግምት የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ክሩ አይደለም።

ሹሩባው እንደ ዊጉ ማታ አይወልቅም፣ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ከሱ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ላላ ብሎ እንዲቀመጥልኝ። ደግሜ ስለካ ራሴ 57 ሆኗል። አሁንም ልኩ ውስጥ ነው።

እሑድ ማታ፣ ስለ ሙጫ

እህቴ ከመሄዷ በፊት «ያለ ሙጫ እንዴት ይያዝልሻል?» አለችኝ። መልሱን ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት የተቀባሁት ሙጫ ላቴክስ የሚባለው የጎማ ዓይነት ያለበት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ግንባሬ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው አለ፤ አንዳንዱ ላይ ከማሳከክ አልፎ እስከ ትንፋሽ መቆራረጥ የሚደርስ አደጋ ነው። ሙጫ የግድ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ትንሽ ጠብታ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከክንድ መታጠፊያ ውስጥ ቀብቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቅ። ዊጉን በምታደርጉበት ጠዋት የተሞከረ ሙከራ ሙከራ አይደለም።

ሙጫ የሚቀባው ከፀጉሩ ጠርዝ ፊት ለፊት፣ ባዶው ግንባር ላይ ነው። ፀጉሩ ላይ አይደለም። የሚነሳው ደግሞ ለሱ በተሠራ ማስለቀቂያ ተነክሮ፣ በራሱ ሲለቅ ነው። ጠብቁት። ካልለቀቀ ጨምሩበት። ሌሱን ይዞ ላጥ ማድረግ የኔን ታሪክ መድገም ነው።

የጥፍር ሙጫ ራስ ላይ የሚያደርጉ አይቻለሁ። ሳያኖአክሪሌት ነው፣ እቃ የምንጠግንበት ፈጣን ሙጫ ቤተሰብ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ወደ ዓይን አጠገብ ይዞት መሄድ ለምን እንደሚደፈር አይገባኝም።

የኔ ዊግ የሚያዘው በላስቲክና በከፋይ ማሰሪያ ነው።

ሰኞ

የውስጡን ገልብጬ አየሁት። አራት ትንንሽ ማበጠሪያዎች ተሰፍተውበታል፦ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ ደግሞ በቀኝ በኩል ከጆሮ ከፍ ብሎ። ለምን በቀኝ ብቻ እንደሆነ ሠሪዎቹ ያውቃሉ፤ በግራም የነበረ ይመስላል፣ የክር ምልክት አለ። ማበጠሪያው ፀጉር ውስጥ ይገባና ዊጉን ይይዛል። በየቀኑ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ፀጉር ላይ። ሁለቱን የፊት ፈታሁ። የኋላው ሹሩባ መስፊያው ላይ ስለሚያርፍ ተውኩት። የጎኑንም ተውኩት፤ አንድ ጎን እንኳ ጠንክሮ ይያዝልኝ ብዬ።

ላስቲኩ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ነው። ቀጭን ላስቲክ እንደ ገመድ ይቆርጣል፣ ሰፊው ጫናውን ይበትናል። ከአንዱ ጆሮ ጀርባ ተነስቶ በማጅራት በኩል ወደ ሌላው ጆሮ ጀርባ ይሄዳል። በ20 ሴንቲ ቆረጥኩት። ሁለቱን ጫፎች በወፍራም ክር፣ ደጋግሜ፣ ካሬ ሠርቼ ሰፋሁ። ስፌቱ የዊጉ ጠንካራ ጨርቅ ላይ ነው ያረፈው። ሌስ ላይ የተሰፋ ላስቲክ ሌሱን ይቀደዋል።

አንድ ስፌት በስህተት ከውጭ በኩል ፀጉሩን ይዞ ወጣ። ፈታሁት፣ ደገምኩት። ጣቴን ሁለቴ ወጋሁ። ልብስ ሰፊ ለመሆን አልተፈጠርኩም።

ማክሰኞ

የሌስ መቁረጥ ቀን። ከዚህ ሥራ ሁሉ የምፈራው እሱን ነበር፤ የተቆረጠ ሌስ አይመለስም።

መጀመሪያ መረብ ቆብ። የስቶኪንግ ዓይነቱም አለ፣ የበለጠ ይለሰልሳል፣ ግን አየር አያስገባም። ቆቡን ከፀጉሬ ጠርዝ ትንሽ ኋላ አቆምኩት፣ የፊተኛው ፀጉሬ ላይ እንዳይጎተት። ከሱ ላይ የከፋይ ማሰሪያው። ሁለቱም ፊቱ ከፋይ ነው። የውስጡ ራስን ይይዛል፣ የውጩ ዊጉን። ከኋላ በሚጣበቅ ጨርቅ ይታሰራል። አንድ ጣት ካላስገባ ጠብቋል ማለት ነው።

ዊጉን አድርጌ ሌሱን አየሁት። እስከ ቅንድቤ ወርዷል። በትንሽ የቅንድብ መቀስ፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እያልኩ ቆረጥኩ። ቀጥ ያለ መስመር ከሩቅ ያስታውቃል። ከፀጉሩ ፊት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሌስ ተረፈ፤ ጨርሶ ከተጠጋ የፊት ረድፉ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል።

ግራው በጣም አማረ። በቀኝ በኩል እጄ ተጣደፈና ከጆሮዬ ፊት አንድ ቦታ ላይ ጠልቄ ቆረጥኩ። ሦስት አራት ፀጉር ረገፈ፣ ሌሱ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሆነ። ለአምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ጠርዟን በቀጭን ክር ጠመዝማዛ ስፌት አድርጌ ያዝኳት። አይታይም። እኔ አየዋለሁ።

የፀጉሩ ቋጠሮዎች ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ብዙዎች በቀለም ማስለቀቂያ ያነጡታል። ትንሽ ከቆየ ቋጠሮውን ይበላውና ዊጉ ይረግፋል። ራስ ላይ እንዳለ የሚያነጣ ካለ ደግሞ ኬሚካሉን ቆዳው ላይ እያደረገ ነው። እኔ ከውስጥ በኩል የቆዳዬን ቀለም ፓውደር በብሩሽ ነካ ነካ አደረግኩበት። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያዩት በቂ ነው። ከዚያ ቀርቦ የሚያየኝ ሰው ደግሞ ዊግ መሆኑን ይወቅ፣ ምን ቸገረኝ።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ሙሉ ቀን። ጠዋት መስታወት ፊት ራሴን እንደ እብድ ነቀነቅኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ዘለልኩ። አልተንቀሳቀሰም። በኩራት ወጣሁ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ግንባሬን ዙሪያውን የሆነ ነገር ሲጨምቀኝ ተሰማኝ። ጠባብ ቆብ፣ የራስ ቁር፣ የዋና መነጽር የሚያመጣው ዓይነት ራስ ምታት ነው፤ ከውጭ በመጨመቅ የሚመጣ። ጫናው ሲነሳ ይለቃል። ሆኖም ማውለቅ አልቻልኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከሥሩ ያለው ሹሩባዬ ደግሞ ለሰው ዓይን አልተሠራም። ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁበት።

ማታ ሳወልቀው ከሁለቱም ጆሮዎቼ ጀርባ ጥልቅ ቀይ መስመር ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላም አልጠፋም። ያኔ ነው ሕጌን ያመሰገንኩት። በሙጫ ቢሆን ኖሮ ይህን መስመር ለሁለት ሳምንት አላየውም ነበር።

ላስቲኩን ፈትቼ በ23 ሴንቲ ቀየርኩት።

አርብ

በ23ቱ ሙሉ ቀን ዋልኩ። ራሴን አላመመኝም። ሲወልቅ የቀረው ምልክት የካልሲ ጠርዝ የሚተወውን ያህል ነው፣ ከእራት በፊት ጠፋ። መያዙ ትንሽ ቀንሷል። ነፋስ ሲመጣ እጄ በራሱ ወደ አናቴ ይሄዳል። እስካሁን የትም አልሄደም፣ እጄ ግን አላመነውም።

ማታ ማታ ዊጉ ስፖንጅ ራሱ ላይ፣ ቆቡ ታጥቦ ገመድ ላይ፣ እኔ በሳቲን ሻሽ። ጥጥ የትራስ ጨርቅ የፀጉርን እርጥበት ይመጥጣል፣ ይፈትገዋልም። ቆቦቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

ያሳክከኛል። አናቴን በመዳፌ መታ መታ ሳደርግ ባልደረባዬ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆቡን ነው። ገልብጬ አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ያለፉትን ቀናት አስታወስኩ። ሹሩባው መሐል ያለው ቆዳዬ ደርቋል ብዬ በየማታው ዘይት ስቀባው ነበር። ነጫጭ ቅርፍቶች ስላየሁ ድርቀት መሰለኝ። ፎረፎር ነው። ከፎረፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ደግሞ የሚኖረው በቅባት ነው። በየማታው ስቀልበው ነበር ማለት ነው።

ዘይቱን ተውኩ። ሹሩባው እንዳለ ቆዳዬን ታጠብኩ፣ እንዲህ አድርጌ። ሻምፖን በብዙ ውሃ አቅጥኜ አፏ ሹል በሆነች የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁ። በየመስመሩ መሐል ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ በጣት ጫፍ ጫን ጫን አልኩ፣ ዞር ዞር አላልኩም። ሹሩባውን ማሸት ያንጨባርረዋል። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አፈሰስኩ። ከማጠቡ ይልቅ ማለቅለቁ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ሻምፖ ቆዳ ላይ ከቀረ እሱ ራሱ ያሳክካል። በፎጣ መጥጬ፣ በፎን ቀዝቃዛው አየር ሥር ሥሩን አደረቅኩ። ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ዊግ ለማግስቱ እንዳይደርስብኝ ቅዳሜ ላይ ባደርገው ይሻል ነበር።

እርጥበት የሚያስፈልገው ለሹሩባው ለራሱ ነው፣ በተለይ ለጫፎቹ። በመርጫ ውሃና ትንሽ ኮንዲሽነር ቀላቅዬ ቀለል አድርጌ እረጫለሁ። ለዘይትም ቦታው ጫፉ ነው።

በሁለት ቀን ቀለለኝ። ባይቀለኝ፣ መግል የያዘ ብጉር ቢወጣ፣ የሳሳው ቦታ እያበረቀረቀ ቢሄድ ወይም ቆዳው ሲነካ ቢያመኝ ግን የቤት ሙከራዬን አቁሜ የቆዳ ሐኪም ጋ ነበር የምሄደው። የሚያበረቀርቅ ለስላሳ ቆዳ፣ የፀጉር ቀዳዳው የማይታይበት፣ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጠባሳን ዘይት አይመልሰውም።

ሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ

የመፍታት ቀን። ሹሩባ ከዚህም በላይ ይቆያል፤ ሁለት ሦስት ወር የሚያቆዩ አሉ፣ የቆዳ ሐኪሞችም ከዚያ አይለፍ ነው የሚሉት። እኔ የሳሳ ግንባር ይዤ ያን ያህል ልጠብቅ አልደፈርኩም።

ቀዩ ክር እያንዳንዱ ቦታ ላይ ታየ። አሥራ አንድ ቦታ ቆረጥኩ፣ አንድም ፀጉር አልቆረጥኩም። ከዚያ መቀሱን ከአጠገቤ አራቅኩት።

ስፈታው የወጣው ፀጉር ትልቅ ብርቱካን ያህላል። እህቴ ባለፈው ዓመት ይህን አይታ አልቅሳልኛለች። ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮው ይረግፈዋል። በሹሩባ ውስጥ የረገፈው የሚወድቅበት የለውም፤ እዚያው ይቆያል። በ21 ቀን ከ1,050 እስከ 2,100 ፀጉር ማለት ነው። ብርቱካኑ ተገቢው ነው።

ዋናው ብዛቱ አይደለም። ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ጫፋቸውን አየሁ። አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ አምፖል የመሰለች ነገር ካለች፣ ዕድሜውን ጨርሶ ከሥሩ የወጣ ፀጉር ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ሁለቱም ጫፉ ባዶ የሆነና አጭር ከሆነ ደግሞ የተበጠሰ ነው። እነሱም ነበሩ። ጥቂት ናቸው፣ ግን ከአንድ ቦታ ነው የመጡት።

ከቀኝ ጆሮዬ በላይ። ጣቴን ሳስገባ ሁለት ሴንቲ የማይሞላ አጭር አጭር ፀጉር ቆሟል። የጎን ማበጠሪያዋ። «አንድ ጎን እንኳ ጠንክሮ ይያዝልኝ» ያልኩባት። ግራው ላይ ማበጠሪያ አልነበረም፣ ግራው ደህና ነው። ራሴ ላይ ያለሐሳቤ የተደረገ ሙከራ ሆነ።

ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከፊት ምንም ለውጥ የለም። አልገረመኝም፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ የተዳከመ ሥር ደግሞ እስኪጀምር ወራት ይፈልጋል። የግራው ፎቶ ላይ የሳሳው ቦታ አልሰፋም። ሦስት ሳምንት ዊግ አድርጌ አልሰፋም። ባለፈው ዓመት በሦስት ሳምንት ምን እንደሆነ አስታውሳለሁና ይህን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት።

ማበጠሪያዋን ማታውኑ ፈታኋት። በቦታዋ ከውስጥ በኩል ትንሽ የከፋይ ቁራጭ ሰፋሁ። ይይዛል፣ አይነክስም። ፀጉሬ ለ10 ቀን ታጥቦ፣ ላላ ብሎ ተይዞ፣ ምንም ሳይደረግበት ይቆያል። ሥራ ቦታ እንዲሁ እሄዳለሁ፤ ሻሽ አለኝ።

እህቴ ደውላ ቀጣዩን ሹሩባ መቼ እንደምትሠራልኝ ጠየቀችኝ። ቀጠሮ ያዝን። ቀዩ ክር አልቋል፣ ስትመጪ ይዘሽ ነይ አልኳት።